ዲቤት ክለብ ልትከፍቱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ዳኛ ፈልጉ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው፣ "ልጆቻችንን ዓለም አቀፉ የተማሪዎች ዲቤት (የክርክር ውድድር) ላይ እንዴት ነው የምናደርሳቸው?" አንዳንዶቻችሁ አስተማሪ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ወላጅ፣ ጥቂቶቻችሁ ደግሞ ራሳችሁ አስረኛና አስራ አንደኛ ክፍል ናችሁ፣ ዩቲዩብ ላይ የሆነ ፋይናል አይታችሁ እንቅልፍ አጥታችሁ የጻፋችሁልኝ፣ እናንተን በጣም ነው የወደድኳችሁ። ለሁላችሁም በየተራ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። መልሴ የጠበቃችሁት ላይሆን ይችላል ግን ከልቤ ነው፣ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ስፖንሰርም አይደለም፣ ዳኛ ነው።

ለማታውቁት ውድድሩ ምን እንደሆነ ቶሎ ልንገራችሁ። የዓለም የትምህርት ቤቶች የዲቤት ሻምፒዮና ነው የሚባለው፣ በምህጻሩ ደብሊው ኤስ ዲ ሲ ይሉታል። በ1988 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ካንቤራ ላይ ተጀመረ፣ ከዛ ወዲህ አገር እየቀየረ ይዞራል፣ በ2010 ዶሃ፣ በ2012 ኬፕታውን፣ በ2018 ዛግሬብ፣ በ2019 ባንኮክ፣ በ2020 በኮቪድ ምክንያት ኦንላይን፣ በ2023 ሃኖይ፣ በ2024 ቤልግሬድ። አንድ አገር የሚልከው አንድ ቲም ብቻ ነው፣ ቲሙ ከሦስት እስከ አምስት ልጅ ይይዛል፣ በአንድ ራውንድ (በአንድ ክርክር) ግን የሚናገሩት ሦስት ናቸው። አንዱ ቲም ሞሽኑን፣ ማለትም ለክርክር የቀረበውን ሐሳብ፣ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል፣ የትኛውን ወገን እንደሚይዙ ልጆቹ አይመርጡም። ስድስቱ ልጆች እየተፈራረቁ ስምንት ስምንት ደቂቃ ይናገራሉ፣ መጨረሻ ላይ ከየቲሙ አንድ ልጅ ተነስቶ አራት ደቂቃ የማጠቃለያ ንግግር ያደርጋል፣ ይሄን ሦስተኛው ተናጋሪ ማድረግ አይችልም፣ አንደኛው ወይ ሁለተኛው ነው፣ የሚጀምረውም ተቃዋሚው ነው፣ ስለዚህ ተቃዋሚዎች መጨረሻው አካባቢ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ይናገራሉ፣ የመጨረሻውን ቃል ግን ደጋፊዎቹ ይወስዳሉ። ሲደመር 56 ደቂቃ ነው። ከሞሽኖቹ ግማሾቹ ቀደም ብለው ስለሚነገሩ ልጆቹ ተዘጋጅተውባቸው ይመጣሉ፣ ሌሎቹ ግን እዛው ነው የሚሰጡት፣ አንድ ሰዓት ብቻ አላቸው፣ ስልክ የለ፣ ጎግል የለ፣ ኮችም አጠገባቸው አይኖርም።

ሌላው ደስ የሚለው ነገር ጥያቄው ነው። አንዱ እየተናገረ እያለ ከተቃራኒው ቲም ልጅ ብድግ ብሎ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፣ የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ እና በማጠቃለያ ንግግሩ ላይ ብቻ ነው የማይፈቀደው፣ ደወል ተደውሎ ይነገራል። ተናጋሪው ጥያቄውን መቀበልም "ቁጭ በል" ማለትም መብቱ ነው፣ ግን ምንም ካልተቀበለ ፈርቷል ይባላል፣ ሁሉንም ከተቀበለ ደግሞ ንግግሩ ይበተናል፣ ስለዚህ አብዛኞቹ አንድ ሁለት ይቀበላሉ። ይሄ ብቻውን ልጆቹን ምን ያህል እንደሚቀይራቸው ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሸምድዶ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው የሚለየው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እዚህ ጎንደርም ሆነ ሌላ ቦታ የተማርን ሁላችንም ክርክር አይተናል አይደል? የእንግሊዝኛ አስተማሪው ክፍሉን ለሁለት ይከፍላል፣ "ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይሻላል"፣ "ከትምህርትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል"፣ ምናምን። በቃ ርእሱ ከእናቶቻችን ጊዜ ጀምሮ አልተቀየረም። ድምፁ ጎላ ያለው ልጅ ይወጣል፣ ጥቅስ ይጠቅሳል፣ ክፍሉ ያጨበጭባል፣ ሌላኛው ይወጣል፣ ለእሱም ይጨበጨባል፣ መጨረሻ ላይ አስተማሪው ይነሳና "ሁለቱም ለሰው ልጅ አስፈላጊ ናቸው፣ ጎበዞች፣ አጨብጭቡላቸው" ብሎ ደወሉ ይደወላል። እስቲ አስቡት፣ አንድ ልጅ ሌሊቱን አንብቦ፣ አስቦ፣ ፈርቶ፣ ላብ አጥምቆት ወጥቶ ተናግሮ፣ የተናገረው ነገር ልክ ይሁን አይሁን፣ የቱ ጋ እንደበረታ፣ የቱ ጋ እንደተፍረከረከ አንድም ሰው ሳይነግረው ቤቱ ይሄዳል። የሰልፍ ላይ ክርክርም ያው ነው፣ ሚኒ ሚዲያው ማይክ ያመጣል፣ ዳይሬክተሩ ጎበዞች ይላል፣ በቃ።

በትምህርት ቤቶች መሀል የሚደረገው ደግሞ ይብሳል። አንድ ጊዜ እዚሁ ከተማችን በተደረገ ውድድር ላይ ተመልካች ሆኜ ነበር (የትና ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰዎቹ በክፋት አይደለም ያደረጉት)። ሦስት ዳኞች ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ መሀለኛው በዕድሜም በሥልጣንም ትልቅ ሰው ናቸው። ክርክሩ ሲያልቅ ሁለቱ ዳኞች ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው የመሀለኛውን ወረቀት አዩ፣ ከዛ ነጥባቸውን ጻፉ። ውጤቱ ተነገረ፣ የተሸነፈው ቲም አንደኛ ተናጋሪ የነበረች ልጅ እጇን አውጥታ "ለምን እንደተሸነፍን ማወቅ እንችላለን?" አለች፣ በጣም በትህትና ነው የጠየቀችው። የተሰጣት መልስ "ውድድር ነው፣ ያጋጥማል፣ ለወደፊቱ አይዟችሁ" ነበር። እኔ ያን ቀን ነው የተናደድኩት፣ እስካሁንም ያ ንዴት ነው የሚያሠራኝ። ያቺ ልጅ የጠየቀችው ማጽናኛ አልነበረም፣ ምክንያት ነበር።

ዓለም አቀፉ ውድድር ላይ የልጅቷ ጥያቄ መብት ነው። አንድ ራውንድ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳኛ አለው፣ ቁጥሩ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው ምክንያቱም አቻ የሚባል ነገር የለም። ክርክሩ እንዳለቀ ዳኞቹ ሳይነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነጥቡን ሞልቶ አሸናፊውን ይወስናል። ከዛ በኋላ ነው ተገናኝተው የሚያወሩት። ስለዚህ ሁለት ለአንድ መሸናነፍ ያለ ነገር ነው፣ ማንም አያፍርበትም። (የዩኒቨርሲቲዎቹ የዓለም ሻምፒዮና፣ በ1981 ግላስጎው ላይ የተጀመረው፣ በዚህ ይለያል፣ እዛ ዳኞቹ ተወያይተው ለመስማማት ይሞክራሉ። እኔ ለተማሪዎች የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው፣ በተለይ ትልቅ ሰው በጣም በሚከበርበት አገር።) ከዛ ከሦስቱ አንዱ ተነስቶ በሁሉም ፊት ማን እንዳሸነፈና ለምን እንዳሸነፈ ያስረዳል። ለምን የሚለው ነው ዋናው።

ነጥቡም የዘፈቀደ አይደለም። አንድ የስምንት ደቂቃ ንግግር ከ100 ነው የሚታረመው፣ ስታይል 40፣ ኮንቴንት 40፣ ስትራቴጂ 20። ስታይል ማለት እንዴት ተናገርከው ነው፣ ድምፅህ፣ ዓይንህ፣ ወረቀት እያነበብክ ነው ወይስ ሰው እያናገርክ ነው። እዚህ ላይ አክሰንት አይቆጠርም፣ እንደ ፈረንጅ ማውራት ነጥብ አያመጣም፣ የሚፈለገው መሰማትና መግባባት ነው። ኮንቴንት ሐሳቡ ራሱ ነው፣ ማንም ይናገረው ማን ክብደቱ ስንት ነው የሚለው። ስትራቴጂ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነው፣ ጊዜህን የት ላይ አጠፋህ፣ ክርክሩ የሚወሰንበትን ነጥብ አግኝተኸዋል ወይስ ዳር ዳሩን ስትዞር ስምንቱ ደቂቃ አለቀብህ። ነጥቡ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ባለው ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ 70 ማለት መካከለኛ ጥሩ ንግግር ነው። ለወደዱት ልጅ 98 ሰጥቶ ላልወደዱት 40 መስጠት ብሎ ነገር የለም። አንድ ዳኛ በስሜቱ ክርክሩን እንዳይገለብጠው ተብሎ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን ዳኛው ምን ዓይነት ሰው ሆኖ መቀመጥ እንዳለበት የሚለው ነው። ዳኛው ጋዜጣ የሚያነብ፣ አስተዋይ የሆነ ተራ ሰው ሆኖ ነው የሚሰማው። ኢኮኖሚክስ ዲግሪ ቢኖርህ ዲግሪህን በር ላይ ትተህ ነው የምትገባው። ልጁ ያላለውን "ሊል የፈለገው ይሄን ነው" ብለህ አትሞላለትም፣ አንተ የምታውቀውን ተቃራኒ ሐሳብ ሌላው ቲም ሳያነሳው አንተ አንስተህ አትጥለውም። የራስህ አገር ቲም ሲከራከርም አትዳኝም። ይሄን ማድረግ ከመከራከር በላይ ከባድ ነው፣ እውነቴን ነው፣ ሞክሩትና ታዩታላችሁ። የምትጠላውን ሐሳብ የያዘ ቲም የተሻለ ከተከራከረ "አሸንፏል" ብለህ ቆመህ መናገር አለብህ።

"ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለኛ ልጅ አይሆንም" የሚሉኝም አሉ። ኧረ ተዉ! ጎንደር ላይ ቁጭ ብለን እንዲህ ማለት ይከብዳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ቤተ መንግሥቱን በቅርብ አይቶ የጻፈው ነገር አለ፣ የንጉሡ ሸንጎ ሲመክርና ሲፈርድ ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው ከታናሹ ነው፣ ከዛ በማዕረግ ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል፣ የንጉሡ ቃል መጨረሻ ላይ በቃለ ሐፄ (በንጉሡ ቃል አቀባይ) በኩል ነው የሚሰማው። ይሄ ሥርዓት ኋላም ዙፋን ችሎት ላይ ቀጥሏል፣ ዝቅተኛው ዳኛ ቀድሞ ይፈርዳል፣ ትልቁ መጨረሻ። ለምን ብትሉ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ አፉን አይከፍትማ! አሁን እኛ ፒያሳ ስንወጣና ስንወርድ በየቀኑ የምናየው ግንብ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ይሄን ያኔ አስበውበታል፣ እኛ ግን ዛሬ ዳኞቻችንን አስቀምጠን የመሀለኛውን ወረቀት እናሳያቸዋለን።

በልሃ ልበልሃውንም አስታውሱ። ተከራካሪዎቹ "ተጠየቅ" እየተባባሉ፣ ማር ወይ በቅሎ ወይ ፈረስ እየተወራረዱ በሕዝብ ፊት ቆመው የሚሟገቱበት፣ ነገር አዋቂነት እንደ ጀግንነት የሚቆጠርበት አገር ነው የኛ። ስለ ተሟጋቾቹ ብዙ እናወራለን፣ አንደበተ ርቱዕ ነበሩ እንላለን፣ ልክ ነው፣ ግን ስለ ዳኛው ማን ያወራል? ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው "በሕግ አምላክ" ሲባባሉ አላፊ አግዳሚውን ያስቆሙት ነበር እኮ፣ የመንገድ ዳኛ ይሆናል፣ ሥራ ቢኖረውም ቁጭ ብሎ ሰምቶ ይፈርዳል፣ ያልተዋጠለት ወደ በላይ ዳኛ ይሄዳል። ማለትም መዳኘት የማንም ሰው ግዴታ ነበር፣ የተሾመ ሰው ብቻ አልነበረም። ቅኔ ቤትም ቢሆን ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ መጥቶ ለመምህሩ ሲነግር ጉድለቱ እዛው ይነገረዋል፣ "ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ" ተብሎ አይሸኝም።

እሺ፣ በተግባር እንዴት ይሆናል የሚለውን አንድ ቅዳሜ ያየሁትን ልንገራችሁና ፍረዱ።

የኛ ክለብ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በተዋስነው ክፍል ነው የሚገናኙት። የዕለቱ ሞሽን "በፋሲል ግንብ ዙሪያ ባጃጅና መኪና እንዳይገባ ይከልከል" የሚል ነበር። ሆን ብለን ነው እንደዚህ ዓይነት የምንመርጠው፣ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ነው፣ ማንም "ጎግል አላደረግኩም" ማለት አይችልም። ወገን ለመለየት የአንድ ብር ሳንቲም ነው የምንወረውረው፣ አንበሳ ወይ ሚዛን ብለው ይመርጣሉ። ሚዛን ወጣና ደጋፊው ቲም ላይ አንዲት ዘጠነኛ ክፍል ልጅ ወደቀች፣ አባቷ ባጃጅ ነጂ ናቸው፣ ይባስ ብሎ ያን ቀን ሥራ አቁመው ሊያዩዋት መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። "ቀይሩልኝ" ትላለች ብዬ ስጠብቅ አላለችም፣ ወረቀቷን ይዛ ጥግ ሄደች።

ስትናገር በታሪክ አልጀመረችም፣ "ግንቡ የአባቶቻችን ቅርስ ነው" ብላ አላለቀሰችም፣ ያ እኮ ክርክር አይደለም፣ ማንም አይቃወመውም። በድንጋዩ ጀመረች። ግንቡ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፣ ንዝረቱና ጭሱ አንድ ቀን አያፈርሰውም ግን በየቀኑ ይሸረሽረዋል፣ የተሸረሸረውን ለመጠገን ደግሞ ከተማው ብዙ ያወጣል አለች። ከዛ አንዱ ተቃዋሚ ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ ጥያቄ አለኝ አለ፣ ተቀበለችው። "የባጃጅ ነጂ ቤተሰብ በምን ይደር?" አላት። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ሁላችንም ኋላ ያሉትን ሰውዬ ላለማየት አቀረቀርን። ልጅቷ እንዲህ አለች፣ "በባጃጅ ይደር። የከለከልኩት መንገዱን ነው እንጂ ባጃጁን አይደለም። ሰው እስከ ዳር በእግሩ ከመጣ ከዳር የሚሳፈረው ምን ላይ ነው?" ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

በጭብጨባ ቢሆን እዛው አሸንፋ ነበር። ግን ሦስት ዳኞች ነበሩን፣ አንዷ አስረኛ ክፍል የሆነች የክለቡ ልጅ፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማር ልጅ፣ ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የቀድሞ አስተማሪ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሦስቱም ወረቀታቸውን ለየብቻ ሞልተው አስረከቡኝ፣ ከዛ ከታናሽ ጀመርን፣ የጎንደር ሥርዓት አይደል። አስረኛ ክፍሏ ልጅ ተነሳች፣ ድምፅዋ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። "ለተቃዋሚው ነው የፈረድኩት" አለች። "ደጋፊው ቲም ስለ ድንጋዩ ያለው ልክ ነው፣ ተቃዋሚዎቹም አልካዱትም። ስለ ሥራም የተነሳው ጥያቄ በደንብ ተመልሷል። ግን ሁለተኛዋ ተቃዋሚ በዕድሜ የገፉ እናቶችና ሕመምተኞች በምን ይገባሉ ብላ ጠይቃለች፣ ይሄ ጥያቄ በደጋፊው በኩል በሦስቱም ንግግር አልተመለሰም። አልተመለሰም ማለት ለኔ ቆሟል ማለት ነው።" አለችና ተቀመጠች። የሕግ ተማሪውም በሌላ መንገድ ወደዛው ሄደ። ጋሼ መጨረሻ ላይ ተነስተው እሳቸው ለደጋፊው እንደፈረዱ ተናገሩ፣ ለምን ብለው አስረዱ፣ የሕመምተኛው ጉዳይ በልዩ ፈቃድ የሚፈታ ትንሽ ነገር ነው ብለው እንዳሰቡ። አስረኛ ክፍሏ ልጅ እጇን አነሳችና "ጋሼ፣ ልዩ ፈቃድ የሚለውን ግን ማንም አልተናገረም፣ እርስዎ ነዎት የጨመሩላቸው" አለቻቸው። ጋሼ ወረቀታቸውን ገለበጡ፣ ፈለጉ፣ "ልክ ነሽ ልጄ፣ የለም" አሉ። ሁለት ለአንድ፣ ተቃዋሚው አሸነፈ።

እኔ ያን ቀን ያየሁትን የትም አላየሁም። አንዲት የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ፊት፣ በፍጹም አክብሮት፣ በወረቀት ላይ ባለ ማስረጃ ትክክል ሆና ስትቆም፣ ትልቁም ሰው ክብራቸው ሳይነካ "ልክ ነሽ" ሲሉ። የተሸነፈችው ልጅ ደግሞ አላለቀሰችም፣ ለምን እንደተሸነፈች ታውቃለቻ! ስትወጣ አባቷ ስለ ጭብጨባው ምንም አላሏትም፣ "እሺ ማቆሚያው ከዳር የት ጋ ነው የሚሆነው? አንቺ ያልሽው ቦታ እኮ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ ነው" ብለው ያዟት፣ እየተከራከሩ ወደ ፒያሳ ወረዱ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ የአምቡላንስና የአረጋውያን መግቢያ ሰዓት ጽፋ ይዛ መጣች፣ ሞሽኑ አልፎ ነበር ግን ግድ አልነበራትም።

ዳኛ እንዴት ይሠለጥናል ለምትሉኝ፣ ቀላልም ከባድም ነው። የምንጀምረው በወረቀት ነው። አንድ ኤ ፎር ወረቀት በአግድም ይያዝና ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አንድ ዓምድ ይሰመራል፣ ፍሎው ይሉታል። አንዱ ሐሳብ ሲያነሳ በአጭሩ ይጻፋል፣ ሌላው ሲመልስለት ከጎኑ ቀስት ይደረጋል፣ ቀስት ያልተሳለበት ሐሳብ ያልተመለሰ ነው ማለት ነው። በቃ ይሄው ነው፣ ግን እያዳመጡ መጻፍ፣ እየጻፉ ማዳመጥ ልምምድ ይፈልጋል። ሁለተኛው ነገር ምክንያት ሲሰጥ በውጤቱ ወይም በምስጋና አይጀመርም፣ "ይሄ ክርክር የተወሰነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው" ተብሎ ነው የሚጀመረው፣ ከዛ በዛ ጥያቄ ላይ ማን ምን እንዳለ፣ ከዛ ፍርዱ። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። እና እባካችሁ ልጆቹን በተራ ዳኛ አድርጓቸው፣ እኔ ባየሁት ከተከራከረችው ይልቅ የዳኘችው ነው ቶሎ የምትለወጠው፣ በሚቀጥለው ስትናገር የዳኛው ወረቀት ላይ ምን እንደሚጻፍ እያየችው ነው የምትናገረው።

ቋንቋውን በተመለከተ ብዙ ተጨቃጭቀናል፣ እዚህ ላይ አቋም አለኝ። በአማርኛ ጀምሩ። የዓለም ሻምፒዮናው በእንግሊዝኛ ነው፣ አውቃለሁ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም የውጭ ቋንቋቸው ለሆነ ቲሞችም ለብቻ እውቅና ይሰጣል፣ ስለዚህ የኛ ልጅ ከአውስትራሊያ ልጅ ጋር በአንደበት ብቻ አይለካም። ግን አንድ ልጅ በአማርኛ ምክንያት መደርደር ካልቻለ በእንግሊዝኛ የሚያወጣው የተሸመደደ ነገር ብቻ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ በሙሉ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል፣ ብዙ አስተዋይ ልጆች እዛ ላይ ነው ዝም የሚሉት፣ ሐሳብ ስለሌላቸው አይደለም። ኳታሮችን እዩ፣ በእንግሊዝኛው ሻምፒዮና ይሳተፋሉ፣ በ2010 እንደውም አስተናግደውታል፣ ግን በአረብኛም ዓለም አቀፍ የትምህርት ቤቶች ዲቤት ያዘጋጃሉ፣ ከብዙ አገር ልጆች ይመጡላቸዋል። አማርኛ ለዲቤት ያንሳል የሚል ሰው ካለ በልሃ ልበልሃን አልሰማም ማለት ነው። እኛ አማርኛውን መጀመሪያ እንሠራለን፣ ያንኑ ሞሽን ከሳምንታት በኋላ በእንግሊዝኛ እንደግመዋለን፣ ሐሳቡ ስላለቀለት ቃል ፍለጋ ብቻ ነው የሚቀራቸው።

ስለ ገንዘቡ፣ ቪዛው፣ መንገዱ ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁ። ከጎንደር ተነስቶ ለቪዛ አዲስ አበባ መመላለስ ራሱ አንድ ውድድር ነው፣ ያለፉትን ዓመታት ሁኔታ ደግሞ የኖራችሁበት ናችሁ፣ ኢንተርኔቱ የጠፋበት ጊዜ ነበር፣ ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች አሉን፣ እስካሁን ያልተመለሱም አሉ። ለዛም ነው ወረቀትና ስክሪብቶ ብቻ በሚፈልግ ነገር እንጀምር የምለው። መብራት ቢጠፋም ዲቤት ይደረጋል። ወደ ውጭ የሚሄድ ቲም አንድ ቀን ይወጣል፣ ግን አንድ አገር የምትልከው ቢበዛ አምስት ልጅ ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝ የማይሄዱት ናቸው፣ አዘዞ፣ ማራኪ፣ ቁስቋም ያሉት፣ በየክፍሉ ስልሳ ሰባ ሆነው የተቀመጡት። እነሱ ተናግረው "ለምን?" ሲሉ የሚመልስላቸው ሰው እንዲኖር ነው የምፈልገው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ጡረታ የወጣችሁ አስተማሪዎች፣ ፍርድ ቤት የሠራችሁ፣ ሕግ የምትማሩ፣ ቅኔ የተማራችሁ፣ ሱቅ ያላችሁና ቅዳሜ ከሰዓት ትንሽ ጊዜ የምታገኙ፣ ወላጆችም፣ ዳኛ ሁኑልን። ዲግሪ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፣ ስልክ አጥፍታችሁ ሙሉውን እንድትሰሙ፣ ከዛ ምክንያታችሁን በልጆቹ ፊት እንድትናገሩ። ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ ክለብ መክፈት የምትፈልጉ አስተማሪዎች ደግሞ መጀመሪያ መጥታችሁ አንድ ሁለት ራውንድ ዳኙ፣ ከዛ ክፈቱ፣ ዳኞቹ ነጥብ የሚሞሉበትን ቅጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ እሰጣችኋለሁ። የሚቀጥለው ሞሽን "አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳይደርሱ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ይከልከል" ነው፣ ልጆቹ ካሁኑ እየተጣሉበት ነው። ቦታውንና ሰዓቱን ሐሙስ ማታ ቻናሉ ላይ እለቀዋለሁ፣ ዳኛ መሆን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፣ ወረቀት አለን።